የቮልሳችን ክሮም ይመለስ ወይስ ቀዳዳው ይደፈን? እስከ ነገ ጠዋት መልስ እፈልጋለሁ

የፈረንሳይ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 1፡40

ሰላም ቤቶች። ቸኩያለሁ፣ በቀጥታ ልግባ። የአባቴ ቮልስ ጋራዥ ገብታ ቀለሟ ተልጧል። 1960 ሞዴል ናት። የጎንና የጎኗን ክሮም የጋራዡ ልጆች በካቻቢቴ ፈልቅቀው አወጡት፤ የግራ በሩ መሀሉ ላይ ታጥፏል። ከሥሩ ያሉት ቀዳዳዎች ዙሪያቸው ዝጓል፣ አንዳንዱማ ጣት ያስገባል። ቀለም ቀቢው “ይሄን ቆሻሻ መልሰህ አትለጥፍባት፤ ቀዳዳውን በብየዳ ደፍነን፣ ስቱኮ ነካ አድርገን ለስላሳ እናድርጋት፣ የዛሬ መኪና ትመስላለች” ይላል። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሊጀምር ነው። አባቴ ለሱባኤ ገዳም ገብቷል፣ ስልክ የለም። ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ አለ፣ ሙሽሮቹ በእሷ ነው የሚሄዱት። ላስደፍን ወይስ ይቆይ? ፎቶ ልጭን ብል ኔትወርኩ እንቢ አለኝ።

ሶማሌ_ተራ · 1፡52

አታስደፍን። ሌላውን በኋላ ትደርስበታለህ።

ወልዋይ · 1፡57

በብራሶ ወልውለው ወንድሜ፣ እንደ መስታወት ነው የሚያበራልህ። የእኔን ፓራውልት እኮ ፊቴን አይቼበት ጺሜን ልላጭበት ምንም አልቀረኝ።

ጥቁር_ዘይት · 2፡01

ሰውዬው ቀዳዳ ይላል አንተ ብራሶ ትላለህ 😂

ቨርጂኒያ_ያለው · 2፡09

እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ፣ ቀለም ቀቢው ልክ ነው። እዚህ ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ይረጫል፤ ክሮሙን በሚይዘው ክሊፕ ቀዳዳ የገባው ውሃ የቮልሴን በር ከውስጥ በልቶ ጨረሰው። ሁለት ዓመት ታገልኩ፣ በስተመጨረሻ ሁሉንም አስደፈንኩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሮሙን ሁሉ አንስተው ለስላሳ የሚያደርጉት ካል ሉክ የሚባል የቆየ ፋሽን አለ፤ ሰው ወዶ ነው የሚያደርገው። ለሠርግ ደግሞ ለስላሳዋ ታምራለች።

ሶማሌ_ተራ · 2፡12

አዲስ አበባ ማን ነው ጨው የሚረጨው? ቦታውን እያየህ ምከር እንጂ።

ጋሽ_ቮልስ · 2፡20

ልጆቼ፣ ቮልስ ዝም ብሎ መኪና አይደለችም። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1972 ዓ.ም. 15,007,034ኛዋ ስትወጣ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰበረች። ጀርመን ማምረቱን ካቆመች በኋላ ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ስትሠራ ቆየች፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ወደ እኛ አገር ስንመጣ ደግሞ መምህሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ሐኪሙም የያዛት እሷን ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ማን ሆነችና? ቮልስ ናት። እና ይህን ያህል ታሪክ ያላትን መኪና በስቱኮ ለስልሶ ማቅረብ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አያትን የወጣት ቀሚስ አልብሶ ሠርግ እንደመውሰድ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣች ትቀመጥ። በነገራችን ላይ የሞተሯን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ፣ ክላፔውንም አስለኩ፣ አየር ነው የሚያቀዘቅዛት፤ ይህን የሚረሳ ሰው ስለ ክሮም ባያወራ ይሻላል።

ጥቁር_ዘይት · 2፡24

ጋሼ፣ ጃንሆይ የሄዱባት ክሮም ነበራት?

ጋሽ_ቮልስ · 2፡26

አንተ ልጅ ቁም ነገር አትወድም።

ላሜራ_20ዓመት · 2፡41

20 ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥ ነው የኖርኩት፣ ቀለም ቀቢው መድፈን ለምን እንደወደደ ይገባኛል። ጎኑ ለስላሳ የሆነ መኪና ቶሎ ያልቃል። ሰውዬው ክፋት የለውም፣ ድካም መቀነስ ፈልጎ ነው።

ግን የቮልስ በር ላሜራው ስስ ነው። በየተራ ቀዳዳ ስትበይድበት ሙቀቱ ይስበውና በሩ ይሞገዳል። ያን ሞገድ የሚሸፍነው ስቱኮ ነው። ከጀርባ ደግሞ ብየዳው ያቃጠለው ቦታ ራቁቱን ይቀራል፤ እጁን አስገብቶ የሚቀባው ሰው የለም። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ልክ ቀዳዳዎቹ በነበሩበት ቦታ ቀለሙ እንደ ፈንጣጣ እየነጠበ ይነሳል። በሌላ ሰው ብቻ አይደለም፣ እኔው የሠራሁት ተመልሶ መጥቶብኝ ያውቃል።

ቀዳዳውን ያዛገው ክሮሙ ሳይሆን ክሊፑ ነው። ክሊፑ ብረት ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ወይ ጎማ ለብሶ ነበር። ያ ልባሱ በዘመን ብዛት ፈረሰ፣ ወይ የሆነ ጋራዥ ያለሱ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ብረት ብረትን እየፋቀ ቀለሙን ገፈፈው፣ ውሃ ገባ።

ነገ ጠዋት እንዲህ በለው። የበሩን ታፒሴሪ አውልቆ ቀዳዳውን ከውስጥም ከውጭም ንጹህ ብረት እስኪያይ ይጥረግ፣ ሁለቱንም ፊት አንቲረስት ይቀባ። ብየዳ የሚያስፈልገው ከልኩ በላይ የሰፋው ብቻ ነው፤ እሱም ጠብ እያደረገ፣ እያቀዘቀዘ፣ ከዚያ በልኩ መልሶ ይብሳው። ከመበየዱ በፊት ግን የቀዳዳዎቹን ቦታ በወረቀት ይቅዳ፣ ግራና ቀኝ ብሎ ይጻፍበት። ይህ ከሆነ ክሮሙን የመመለሱን ነገር አባትህ ከገዳም ሲመለሱ ይወስናሉ። ከተደፈነ ግን ጨዋታው አለቀ።

ወልዋይ · 2፡45

ላሜራ ልክ ብሏል። ከዚያ በብራሶ።

ቲቸር_ኬሚ · 2፡58

እናንተ ሁላችሁም ክሮም ክሮም ትላላችሁ፤ የቮልስ የጎን መስመር ክሮም አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው። ከአሮጌ ስፒከር ማግኔት አውጣና ሞክረው። ፓራውልቱ ላይ ይጣበቃል፣ እሱ ብረት ሆኖ በክሮም የተነከረ ነው። የጎኑ መስመር ላይ ግን ይንሸራተትና ይወድቃል። አሉሚኒየሙ አኖዳይዝድ ነው፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሠራ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን አለው። ነጭ ነጭ ሆኖ የደበዘዘው ያ ሽፋን ነው። ስለዚህ ወንድም ወልዋይ እስከ ጥር ድረስ ቢወለውል ብራሶው ያልቃል እንጂ መስመሩ አያበራም።

ወልዋይ · 3፡02

የእኔ ግን አብርቷል!

ቲቸር_ኬሚ · 3፡03

ያንተ ፓራውልት ነዋ!

አራት_ኪሎ_ነኝ · 3፡10

አንድ ነገር ልጠይቅ? 1960 ያልከው በእኛ ነው በፈረንጅ? ቤንዚን የምትቀዱት ኮፈኑን ከፍታችሁ ነው ወይስ ከውጭ በጎን?

የፈረንሳይ_ልጅ · 3፡22

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ምግብ ላይ ነበርኩ። ሊብሬው ላይ 1960 ይላል፣ አባቴም ሁሌ የ60 ሞዴል ነው የሚላት። ቤንዚኑ በጎን ነው፣ በቀኝ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ትንሽ ክዳን አለች። ምን አገናኘው?

አራት_ኪሎ_ነኝ · 3፡31

በጣም ያገናኘዋል። የፈረንጅ 1960 ብትሆን ቤንዚኑ ኮፈኑ ሥር ነበር። ክዳኑ ወደ ውጭ የወጣው ከ1968 ሞዴል ወዲህ ነው። አባትህ 60 የሚሉት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ 1967/68 ይሆናል። የኋላውን ወንበር አንሳ፣ መሀል ለመሀል የሚሄደው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥር ተመትቷል፤ በ118 ከጀመረ የ1968 ሞዴል ናት፣ ሦስተኛው ቁጥር ዓመቱ ነው።

ለምን ይጠቅመኛል ካልክ፣ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ የጎኑ መስመር ቀጥኗል። ነገ ሄደህ “የ1960 ቮልስ ክሊፕ” ብለህ ብትጠይቅ የሰፊውን ይሰጡህና ሰውዬው በመዶሻ ያስገባዋል። አንዷን መስመር ይዘህ ሂድ፣ ከክሊፑ ጋር እዚያው ገጥመህ እይ።

ጥቁር_ዘይት · 3፡34

ስምንት ዓመት በአንድ ሊብሬ ውስጥ ጠፋ 😂 የእኔንም ዕድሜ እንዲህ አስተካክሉልኝ

ቨርጂኒያ_ያለው · 3፡40

ይህንን አላወቅኩም ነበር። እንግዲያው ሐሳቤን በግማሽ አነሳለሁ፤ ጨው ከሌለ ይቆይ። ግን አንድ ነገር፣ አዲስ ተሠርቶ የሚሸጠውን ሙሉ ስብስብ ገዝቼ ነበር፣ ሰባት ቁራጭ ነው። ስስ ነው፤ የበሩና የኋላው መስመር ጫፍ ለጫፍ አልገጠሙልኝም፣ ከሩቅ ሳይቀር ይታይ ነበር። የድሮው ትንሽ ቢጎዳም ከእሱ ይሻላል። ስለዚህ የወጣውን እንዳትጥል።

የፈረንሳይ_ልጅ · 3፡48

ሰባት? እኔ የቆጠርኩት ስድስት ነው። ደግሞ የታጠፈውን ምን ላድርገው? ቲቸር፣ የደበዘዘውስ ተስፋ አለው?

ላሜራ_20ዓመት · 3፡55

በየጎኑ ሦስት ሦስት ነው፤ ከበሩ ፊት አጭሩ፣ የበሩ፣ የኋላው ረጅሙ። ሰባተኛው ኮፈኑ መሀል ለመሀል የሚሄደው ነው። ልጆቹን ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቅ፣ ነገ ቆሻሻ ውስጥ ታገኘዋለህ።

የታጠፈውን ማንም በመዶሻ እንዳይነካው። በውስጡ ልክ የሚገባ እንጨት ጥረብ፣ ከጀርባው አስገባና ለስላሳ እንጨት ላይ አድርገህ ከእጥፋቱ ዳርና ዳር እየጀመርክ ወደ መሀል በአውራ ጣትህ ግፋው። በአንዴ ልመልሰው ካልክ አሉሚኒየም ይሰነጠቃል፤ አንድ ጊዜ የታጠፈበት ቦታ ደርቋል። ትንሽ ጠባሳ ይቀራል፣ ይቅር።

ደግሞ ሳይወጣ የቀረ ክሮም ካለና “ሳናወጣው በወረቀት ሸፍነን እንቀባለን” ካለህ እሺ አትበለው። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ይላጣል።

ቲቸር_ኬሚ · 4፡10

ተስፋ አለው፣ ግን ከነገ ጋር አታገናኘው፣ ከቀለም በኋላ በእርጋታ የሚሠራ ነው። ሽፋኑን የሚያነሳው ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ ሳሙና የሚሠሩበት። በፕላስቲክ ዕቃ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምር፤ ውሃውን ሶዳው ላይ እንዳትደፋ፣ ይፈላና ይረጫል። በአሉሚኒየም ድስት ደግሞ በፍጹም፣ ድስቱን ይበላዋል። ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ ሜዳ ላይ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብህ እንዳይኖር፤ የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ነው። አረፋው ሲነሳና የደበዘዘው ሽፋን ሲጠፋ አውጥተህ በብዙ ውሃ እጠበው። ቀድሞ ማውጣት ይሻላል፣ መድገም ትችላለህ፤ የበላውን ግን አትመልሰውም።

ከዚያ በውሃ እየነከርክ በብርጭቆ ወረቀት፣ 600፣ 800፣ 1200፣ 2000። ሁሌ በርዝመቱ፣ በክብ አይደለም። መጨረሻ ላይ ነው የወልዋይ ብራሶ የሚገባው 😀 ሽፋኑ ስለሌለ በየጥቂት ወሩ ሰም ካልቀባኸው መልሶ ይደበዝዛል።

ወልዋይ · 4፡13

አላልኳችሁም?!

አራት_ኪሎ_ነኝ · 4፡20

አንድ ነገር ረሳን። መስታወቶቹ ከወጡ አዲስ ጎሚኒ (መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ) ሲገዛ ጎድጓዳ መስመር ያለውን ይግዛ። በመስታወቱ ዙሪያ የሚገባው ቀጭን ጌጥ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ደረቁን ጎሚኒ ከገጠሙት ያ ጌጥ መግቢያ የለውም፣ መስታወቱን እንደገና ማውጣት ነው። ይህንን በእኔ መኪና ላይ ነው የተማርኩት፣ ያውም የፊቱን መስታወት ሰብሬ።

የፈረንሳይ_ልጅ · 4፡37

እሺ። ልጁ ስልክ አነሳ፣ ሰባተኛው የለም ይላል፣ “ኮፈኑ ላይ መጀመሪያም አልነበረም” አለኝ። እኔ ግን በዚያ ክሮም ላይ ጣቴን እየሰደድኩ ነው ያደግኩት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል እዚያ ነኝ። አሳውቃችኋለሁ።

ጋሽ_ቮልስ · ረቡዕ ጠዋት 12፡50

ልጄ፣ አባትህ ሲመለሱ ለስላሳ ቮልስ ቢያዩ ለሌላ ሱባኤ ነው የሚመለሱት። በርታ።

ላሜራ_20ዓመት · ረቡዕ ማታ 1፡15

እሺ፣ ምን ሆነ?

ጥቁር_ዘይት · ሐሙስ ቀን 7፡30

ዝም ካለ ደፍነውታል ማለት ነው።

ሶማሌ_ተራ · ሐሙስ ቀን 7፡44

ወይ ቆሻሻ ውስጥ ክሮም እየፈለገ ነው።

ቮልስ_ፈላጊ · ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሰላም፣ ካስደፈንከው የቀኝ በሩን መስመር ትሸጥልኛለህ? የእኔም ክዳኗ በጎን የሆነችው ናት።