ከጨረታ የወጣ የፖሊስ መኪና ለቤተሰብ ይሆናል?

የሌሊት ፈረቃ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

የምነዳት ኮሮላ የ2005 ሞዴል ናት፤ ካምቢዮዋ መንሸራተት ከጀመረ ሁለት ወር ሆነው። ሦስት ልጆች አሉን፣ ትንሿ ገና የሕፃን ወንበር ላይ ናት። እናቴም ከደብረ ማርቆስ ልትመጣ ቪዛዋ ወጥቶላታል። በእጄ ያለው 6,500 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ባንክ ዕዳ ውስጥ መግባት አልፈልግም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመንግሥት ያገለገሉ ዕቃዎች በኢንተርኔት የሚሸጡበትን ጨረታ አሳየኝ። አንድ ካውንቲ የፖሊስ የነበረ የ2016 ፎርድ ኤክስፕሎረር አውጥቷል። ነጭ ነው፣ 91,000 ማይል ሄዷል፣ እስካሁን የተሰጠው ዋጋ 3,850 ዶላር ነው። ማክሰኞ ማታ ይዘጋል። ይኼው መኪና የፖሊስ ባይሆን በዚህ ዋጋ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ከፎቶዎቹ አንዱ ዳሽቦርዱን በርቶ ያሳያል። «ኢንጂን አወርስ» 9,100፣ «አይድል አወርስ» 5,400 ይላል። ይህ ምን ማለት ነው? ከእናንተ ውስጥ ገዝቶ የነዳ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።


መንገደኛ 95

ወንድሜ፣ የፖሊስ መኪና ማለት በየጊዜው ዘይቱ የሚቀየር፣ የራሱ መካኒክ ያለው መኪና ነው። ፍሬኑ፣ ራዲያተሩ፣ ዲናሞው ሁሉ ከተራው ይጠነክራል። በ91,000 ማይል ገና ጎረምሳ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ። እኔ የምጠይቀው ግን፣ እንዲህ ያለውን ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ መላክ አያዋጣም?


የድሮ ታክሲ ነጂ (አሌክሳንድሪያ)

ልጄ፣ ዓይንህን ጨፍነህ አትግዛ። ዲሲ ውስጥ 14 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ አሁን ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ከፖሊስ ጨረታ ሦስት መኪና ለራሴ ገዝቻለሁ፣ ለሰውም ስንቱን አብሬ ሄጄ አይቻለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

የጠየቅከው የሰዓት ቁጥር ከማይሉ ይልቅ ብዙ ይነግርሃል። ኢንጂን አወርስ ሞተሩ በጠቅላላ የሠራበት ሰዓት ነው፤ አይድል አወርስ ከዚያ ውስጥ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ የሠራበት ነው። ፖሊስ ሞተር አያጠፋም። ሬዲዮው፣ ኮምፒውተሩ፣ የጣራው መብራት ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ በብርዱ ማሞቂያ፣ በሙቀቱ ኤሲ ያስፈልገዋል። አደጋ የደረሰበት ቦታ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆማል፣ ሪፖርት ሲጽፍ ይቆማል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማይሉ ንቅንቅ አይልም፣ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። ፎርድ ራሱ ለእነዚህ መኪኖች የሚሰጠው ስሌት አንድ ሰዓት ቆሞ መሥራት 33 ማይል እንደ መሄድ ይቆጠራል የሚል ነው። እንግዲህ 5,400ን በ33 አባዛው፤ 178,200 ይመጣል። 91,000ውን ጨምርበት፤ 269,200 ማይል። የምትገዛው ሞተር ዕድሜው ይኼ ነው። በሩና ቸርኬው የሚያውቁት ግን 91,000ውን ብቻ ስለሆነ ውጭውን ያየ ሰው ይታለላል።

መንገደኛ ያለው ስለ ጥገናው እውነት ነው። ዘይታቸው በጊዜው ይቀየራል፣ ፍሬናቸው አይረሳም። እንዲያውም ማስታወቂያው ላይ ስልክ ካለ ደውልና የጥገናውን መዝገብ ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። አንድ ነገር ግን ጨምረህ ጠይቅ፦ መኪናው አንድ ፖሊስ ብቻ ቤቱ ይዞት የሚገባ ነበር ወይስ ፈረቃ በፈረቃ ሲቀባበሉት የኖሩት? አንድ ሰው የያዘው መኪና ሌላ ነው፤ መቀመጫውን ስታየው ታውቀዋለህ። የሀይዌይ ፖሊስ የነዳው ደግሞ ማይሉ ቢበዛ እንኳ የቆመበት ሰዓት ትንሽ ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

የ2016ቱ የፖሊስ ኤክስፕሎረር ሞተር አብዛኛውን ጊዜ 3.7 ሊትር ቪ6 ነው። የውሃ ፓምፑ እንደ ሌላው መኪና ውጭ አይደለም፤ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ በታይሚንግ ቼይን (በሞተሩ ውስጥ ባለው ሰንሰለት) ነው የሚዞረው። ማፍሰስ ሲጀምር በዲናሞው በኩል ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ ያንጠባጥባል። ያንን ያላየ ሰው ኩላንቱ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ዘይት ውስጥ ይገባበትና ሞተሩን ያጣል። ስታየው የዘይቱን መክደኛ ክፈትና ውስጡን በጣትህ ጥረግ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ወተት ሻይ ከነጣ አትንካው። ባለፈው ዓመት ለአንድ ደንበኛ ፓምፑንና ቼይኑን ቀይረን 2,400 ዶላር ወጣበት፤ ገንዘቡን የበላው ዕቃው ሳይሆን እዚያ ለመድረስ የሚፈታው ነገር ብዛት ነው።

አሁን ደግሞ ልብ ያላልከው የመሰለኝ ነገር። አንተና ባለቤትህ፣ ሦስት ልጆች፣ እናትህ፤ ስድስት ናችሁ። የፖሊሱ ኤክስፕሎረር እንደ ሲቪሉ ሦስተኛ ረድፍ ወንበር የለውም። አምስት ሰው ነው የሚይዘው። የኋላው ወንበር ተነቅሎ እስረኛ የሚቀመጥበት ፕላስቲክ ተገጥሞበት ከሆነ ደግሞ የሕፃን ወንበር የሚታሰርበት አታገኝም። የኋላ በሮቹም ከውስጥ እንዳይከፈቱ ተደርገው ይሆናል። ይህ የሚስተካከል ነው፤ ሳይስተካከል ግን ልጅ እንዳታሳፍርበት።

የመጨረሻው ነገር የፖሊስ ዕቃው ሲነቀል ተረስቶ የሚቀረው ሽቦና ቀዳዳ ነው። ይህን በራሴ ላይ ስለደረሰ አጥብቄ እነግርሃለሁ። በ2007 የ2003 ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ በ2,900 ዶላር ገዛሁ። ያን ጊዜ የዲሲ ሐበሻ ታክሲ ነጂ ግማሹ በእሱ ነበር የሚሠራው፤ ባለ 4.6 ሊትር ቪ8፣ ሻንሲው ለብቻ፣ ቦዲው ለብቻ፣ ጉድጓድ የማይሰብረው መኪና። የሻንሲ ቁጥሩ መካከል ላይ «ፒ71» የሚል ካለ የፖሊስ መሆኑ ይታወቃል። ሻጩ መሥሪያ ቤት «የፖሊስ ዕቃ በሙሉ ተነሥቷል» ብሎ ጽፎ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ባትሪዬ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሞት ጀመር። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ ወደ ኤርፖርት ልወጣ ስል ቁልፉን አዞራለሁ፣ ጠቅ ብቻ ይላል። ባትሪ ቀየርኩ፣ ዲናሞ ቀየርኩ፣ ምንም። አንድ እሑድ የትራንኩን ምንጣፍ በሙሉ ገሽልጬ ሳወጣው፣ ከግድግዳው ጀርባ የክብሪት ሳጥን የምታክል የመብራት መቆጣጠሪያ ተረስታ አገኘሁ፤ በእጄ ስነካት ትሞቃለች። መኪናው ከጠፋ በኋላም ስትበላ ታድር የነበረችው እሷ ናት። ሁለት ሽቦ ቆርጬ ችግሩ አበቃ፤ የሦስት ወር ሥራዬ ግን ተበላሽቷል።

ጣራው ላይ ደግሞ አንቴና የነበረበትን ቀዳዳ በክብ ተለጣፊ ሸፍነው ቀለም ቀብተውበታል። አንድ ዝናባማ ሌሊት ከናሽናል ኤርፖርት የጫንኳት ሴትዮ ጭን ላይ ያለው ፋይል በጠብታ ራሰ። ሂሳቡን አልተቀበልኳትም። በማግሥቱ ተለጣፊውን አንሥቼ ላሜራ አስበየድኩበት።

የክራውን ቪክቶሪያ ቀዳዳ ያስገባው ውሃ ነበር። የኤክስፕሎረር ግን የባሰ ሊያስገባ ይችላል። በ2017 የኦስቲን ቴክሳስ ፖሊስ ወደ 400 የሚጠጉ ኤክስፕሎረሮቹን በሙሉ ከሥራ አውጥቶ ነበር፤ ምክንያቱ መኪናው ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ይገባል የሚል ስጋት ነው። ፎርድ ሲመረምራቸው የፖሊስ ዕቃ ለመግጠም ከኋላ በኩል የተበሱና በደንብ ያልተደፈኑ ቀዳዳዎች አገኘሁ አለ። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆችህ ናቸው። ስለዚህ ስትሄድ ባትሪ መብራት ያዝ፤ የኋላውን ምንጣፍ ግለጥ፣ ከሥር ተኝተህ እይ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ካለ ቁጠረው።

መንገደኛ፣ ስለ አዲስ አበባው እርሳው። በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል።


እናት የሁለት (አናንዴል)

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ስለ ገንዘቡ ልጨምር፣ ምክንያቱም ባለቤቴ ሲገዛ ያስደነገጠን እሱ ነው።

አገር ቤት የመንግሥት መኪና ጨረታ ሲወጣ ሲፒኦ አሠርተህ፣ ሰነድ ገዝተህ፣ በታሸገ ፖስታ ታስገባለህ። ስለዚህ ገና ሳትጀምር ገንዘብህን ታስባለህ። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ስልክህን ተጭነህ ነው የምትጫረተው፤ መያዣ ስለማይጠይቅህ ቀላል ይመስላል። ካሸነፍክ በኋላ ግን ኪስህ ይጎዳል። እኛ ያሸነፍነው በ3,600 ነበር። የገዢ ኮሚሽን 10 በመቶ፣ 360። ገንዘቡ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በባንክ ዝውውር ካልገባ መኪናውም ይቀራል፣ ቅጣትም አለ፣ አካውንትህም ይዘጋል። ታርጋ ስለሌለው ነድተኸው አትወጣም፤ ለተሸከመልን ቶው 275 ከፈልን። ከዚያ ጎማ፣ ባትሪ። ሜሪላንድ ስለሆንክ ደግሞ ታርጋ ከመውሰድህ በፊት ፈቃድ ያለው ጋራዥ የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ማድረግ አለበት። 6,500 አለኝ ካልክ ጣሪያህ 4,500 ይሁን፤ በወረቀት ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። በመጨረሻው ደቂቃ ሰው ዋጋ ሲጨምር ሰዓቱ ስለሚራዘም እልህ ውስጥ ያስገባል።

ሌላው፣ ወንድሜ፣ ፖሊስ የሚለውን ለምን አትተወውም? እዚያው ጨረታ ላይ ካውንቲው የፖሊስ ብቻ አይደለም የሚሸጠው። የግንባታ ኢንስፔክተር የሚዞርበት፣ የውሃ ክፍል፣ የላይብረሪ፣ አረጋውያንን የሚያመላልስ መኪና አለ። እኛ የገዛነው አረጋውያንን ያመላልስ የነበረ የ2012 ዶጅ ግራንድ ካራቫን ነው። ሰባት ሰው ይጭናል። ሌሊት ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ያደረበት የለም፣ ጣራው አልተበሳም። ሰው ስለማይሻማበት ዋጋው አይሰቀልም።


የድሮ ታክሲ ነጂ (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ ያለችው ትክክል ነው። ከ2011 እስከ 2013 ያለውን ካራቫን ስታይ ግን የ3.6 ሊትር ሞተሩን ጠጋ ብለህ አድምጥ፤ የግራው ሲሊንደር ሄድ ችግር ነበረበት፣ ክራይስለርም ለእሱ ዋስትናውን አራዝሞ ነበር። ሞተሩ ሞቆ «ጢክ ጢክ» ካለ ሄዱ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቅ።


የሌሊት ፈረቃ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወገኖች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሄጄ ኤክስፕሎረሩን አየሁት።

ግቢው ውስጥ በአንድ ረድፍ 11 የፖሊስ መኪና ቆሟል፤ ቁልፉን የሰጠኝ ሠራተኛ ማስነሣት እንጂ መንዳት አይፈቀድም አለኝ። ጋሼ እንዳሉት የዘይቱን መክደኛ ከፈትኩ፤ ቡናማ ነው፣ ንጹሕ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በስልኬ መብራት ዲናሞው ሥር ስመለከት ወደ ታች የወረደ ብርቱካንማ የደረቀ መስመር አለ። በጣቴ ስፈገፍገው እንደ ጨው ፈረፈረ። የኩላንቱን ጋን ሳየው ያው ቀለም ነው።

የኋላውን ምንጣፍ ገለጥኩ። ሁለት ቀዳዳ፣ አንዷ አውራ ጣቴን ታስገባለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሥር የግቢው ጠጠር ይታየኛል። የትንሿ ልጄ ወንበር የሚሆነው በትክክል እዚያ ላይ ነበር። የኋላ በሮቹም ከውስጥ አይከፈቱም። ሦስተኛ ረድፍ እውነትም የለም፤ እኔ በፎቶው የኋላው ሰፊ ሲሆን ታጥፎ ነው ብዬ ነበር።

አልተጫረትኩም። ማክሰኞ ማታ ስከታተለው በ6,275 ዶላር ተዘጋ። ኮሚሽኑ ሲጨመር ያለኝን በሙሉ አልፎ ይሄድ ነበር።

አሁን እህቴ ባሉት መሠረት ስፈልግ፣ አንድ የትምህርት አስተዳደር የ2014 ግራንድ ካራቫን አውጥቷል። 104,000 ማይል፣ ሰባት ወንበር፣ 2,100 ዶላር ላይ ነው፤ የሚዘጋው በሚቀጥለው ረቡዕ። ግቢው ሮክቪል ውስጥ ነው፣ ማየት የሚቻለው ቅዳሜ ብቻ። ጋሼ፣ ባያስቸግርዎ አብረውኝ ሊያዩት ይችላሉ? መጥቼ እወስድዎታለሁ።


የድሮ ታክሲ ነጂ (አሌክሳንድሪያ)

ይቻላል። ቅዳሜ በሐበሻ 3 ሰዓት ላይ ናልኝ፣ አድራሻዬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ሞተሩን ከእኛ በፊት እንዳያስነሡት ደውለህ ንገራቸው፤ ቀዝቅዞ እያለ ሲነሣ መስማት እፈልጋለሁ። የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነበውን መሣሪያ እኔ እይዛለሁ።