ሊኑክስ ለጫናችሁ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ላፕቶፔ ላይ የተረፉት

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ ካበቃ ወዲህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚጭነው ጓደኛዬ በዝቷል። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም፣ አዲስ መግዛት ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ጭነው ሲጨርሱ ሁሉም ያችኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ "አሁንስ ምን ልጫንበት?" ለእያንዳንዱ በቴሌግራም መጻፍ ሰለቸኝና አንዴ እዚህ ላስቀምጠው ብያለሁ።

የሞከርኩትን ፕሮግራም ሁሉ አልዘረዝርም። ብዙ ጭኜ ብዙ አጥፍቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላጠፋቸው የቆዩትን ነው የምነግራችሁ። ማሽኔ ባለ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ሊኑክሱ ሚንት የሚባለው ዓይነት ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ያለው እትሙ።

ማሳመሩ ይቆይና መጀመሪያ አማርኛ ይጻፍበት። ፕሮግራም ከሚወርድበት ከሶፍትዌር ማኔጀሩ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን መጻፊያ ታወርዳላችሁ። ኢንፑት ሜተድ ውስጥ ገብታችሁ አይባስን ትመርጣላችሁ፣ ሎግ አውት ብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ ከዝርዝሩ አማርኛን ትጨምራላችሁ። የምታገኙት አጻጻፍ ስሙ ሴራ ነው። አትደንግጡ፣ ተንኮል የለበትም፤ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ስትነኩ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል። ጀማሪን የሚያናድደው "ሸ" ናት። ስልክ ላይ የለመደ ሰው ኤስና ኤች ይመታና "ስህ" ይወጣለታል። ሴራ ላይ "ሸ" በኤክስ ነው። "ጠ"፣ "ጨ" እና "ጸ" ደግሞ በትልልቆቹ ቲ፣ ሲ እና ኤስ። ሁለት ቀን ትሳደባላችሁ፣ በሦስተኛው ጣታችሁ ይለምደዋል።

ሌላው አማራጭ ኪማን ነው። ኤስአይኤል የሚባል ድርጅት የሚያወጣው ሲሆን ጂኤፍኤፍ አማርኛ የሚባለው ኪቦርድ ይጫንበታል። ያው ኪቦርድ ዊንዶውስም አንድሮይድም ላይ ስላለ ቢሮ በዊንዶውስ፣ ቤት በሊኑክስ ለሚሠራ ሰው እሱ ይሻላል። እንደኔ አንድ ማሽን ብቻ ካላችሁ ሴራ ይበቃል።

ፎንት ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ለስክሪን፣ አቢሲኒካን ለሕትመት። አቢሲኒካ የብራና እጅ ጽሑፍ መልክ አለው፣ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ግን ደማቅ የለውም፣ ርዕስ ለማድመቅ ስትሞክሩ ይወፍራል እንጂ አያምርም። ከሰው የሚመጣ ሰነድ ብዙውን ጊዜ በኒያላ የተጻፈ ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም። ሊብሬኦፊስ በሌላ ይተካውና መስመሩ ይገፋፋል፤ አሥራ አንድ ገጽ የነበረ ውል አሥራ ሦስት ሆኖብኝ ያውቃል። ቅንብሩ ውስጥ ፎንት የሚለው ቦታ የመተኪያ ሠንጠረዥ አለ፣ ኒያላ ሲመጣ በየትኛው እንደሚተካው እናንተው ወስኑለት።

አንድ ዘመድ ደግሞ የድሮ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ልኮልኝ ስከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆነ። "ቫይረስ ነው" አለኝ በእርግጠኝነት። አልነበረም። ዩኒኮድ፣ ማለት ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው መስፈርት፣ የግዕዝን ፊደል የጨመረው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። ፎንቱን ከዘመዴ ኮምፒውተር በፍላሽ አምጥቼ ስጭነው ደንቡ ተነበበ። የቀብር ማስፈጸሚያው ላይ ስንጨቃጨቅ አመሸን።

ለቢሮ ሥራ ሊብሬኦፊስ አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ነገር ካላስቸገራችሁ አትቀይሩት። ሰነዳችሁ ከዎርድ ተጠቃሚ ጋር በየቀኑ የሚመላለስ ከሆነ ኦንሊኦፊስ አቀማመጡን ይበልጥ ይጠብቃል። ደብሊውፒኤስም አለ፣ ብዙ ሰው ይወደዋል። እሱ ግን በነፃ ይሰጣል እንጂ ነፃ አይደለም። አማርኛችን በአንዲት "በ" ነገሩን ለይቶታል፦ ሊብሬኦፊስን ኮዱን ከፍቶ ማየት፣ ማሻሻል፣ ለሌላ ማከፋፈል ይቻላል፤ ደብሊውፒኤስ ዋጋ አለመጠየቁ ብቻ ነው።

ቪዲዮ፣ ቪኤልሲ። ፎቶ፣ ጊምፕ፤ ፎቶሾፕን የለመደ መጀመሪያ ይጠላዋል። ለፌስቡክ ፖስተርና ለጥሪ ካርድ ኢንክስኬፕ። ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ፋይል ለማሻገር ሎካልሴንድ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ወይም የስልኩ ሆትስፖት ላይ ከሆኑ በቂ ነው፣ ዳታ አይበላም። ዳታ ካነሳን ኪዊክስን ጫኑ። ዊኪፔዲያን አንዴ በጥሩ ኔትዎርክ ታወርዱና ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ታነባላችሁ። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ ፍላሽ ላይ አይታወቅም።

አንድ ፕሮግራም ሶፍትዌር ማኔጀሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተዘርዝሮ ታያላችሁ። አንዱ የሲስተሙ ጥቅል፣ ሌላው ፍላትፓክ። ፍላትፓኩ አዲሱ እትም ነው፣ ግን መጀመሪያ ስትጭኑት መደገፊያዎቹን አብሮ ያወርዳል፣ በመቶዎች ሜጋባይት ይሄዳል። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ የሲስተሙን ውሰዱ።

እና ታይምሺፍት። ይሄን ለምኜ ነው የምነግራችሁ። ሚንት ላይ አብሮ ይመጣል፣ የሚያስነሳው ግን የለም። ሥራው ሲስተሙን እንዳለ ቀርጾ ማስቀመጥና ሲበላሽ ወደዚያ መመለስ ነው። አምና አፕዴት እያደረግሁ መብራት ሄደ። ባትሪ የለኝ። ሲመጣ ላፕቶፑ ጥቁር ስክሪንና አንዲት የማውስ ቀስት ብቻ ሆነ። ሲነሳ አድቫንስድ ኦፕሽን ውስጥ ሪከቨሪ ሞድ የሚል አለ፤ እሱ ላይ የተሰበሩ ጥቅሎችን ጠግን የሚለውን መርጬ ግማሽ ላይ የቀረውን ጨረሰልኝ። ያኔ ታይምሺፍትን ገና አላስነሳሁትም ነበር። በዚያው ቀን ማታ አስነሳሁት።

አሁን ማሳመሩ። ሊኑክስ ላይ ዴስክቶፑን ራሱን መምረጥ ይቻላል። ኬዲኢ ፕላዝማ የፈለጋችሁትን ሁሉ ያደርጋል፣ መስኮት ይወዛወዛል፣ ዴስክቶፑ እንደ ኩብ ይዞራል። 8 ጊጋ ራም ላለው ሸጋ ነው። ሲናሞን መሃል ሰፋሪ ነው፣ ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው አይከብድም። ኖም ቆንጆ ነው፣ ግን በሱ ደንብ ነው የምትኖሩት። እኔ ኤክስኤፍሲኢ ላይ የቀረሁት ደምቆ ስለታየኝ አይደለም፤ ተነስቶ ሲያበቃ ከ4 ጊጋው አንዱን እንኳ ስለማይሞላ ነው። ፓፒረስ የሚባሉትን አይከኖች አደረግሁበት፣ ከሥር ፕላንክ የሚባለውን የፕሮግራም መደርደሪያ አስቀመጥሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው። ኮንኪ ሞክሬ ነበር። የራምና የሲፒዩ ቁጥር ሲወጣ ሲወርድ እያየሁ ሥራ ስፈታ ጊዜ አጠፋሁት።

ከኢንተርኔት ገጽታ ስታወርዱ ጠንቀቅ በሉ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ የኬዲኢ ተጠቃሚ የጫነው ግሎባል ቲም የሚባል ገጽታ ፋይሎቹን ጠርጎ አጠፋበት። ግሎባል ቲም ቀለም ብቻ መስሎን እንጂ ውስጡ የሚሠራ ኮድ ሊኖረው ይችላል።

የምኮራበት ማሳመሪያ ግን ሰዓቱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ሰባት ይላል፣ ስድስት እየቀነስን ነው የኖርነው። ፓነሉ ላይ፣ ማለት የስክሪኑ ጫፍ ላይ ባለው አሞሌ፣ ያለውን ሰዓት ቅንብር ክፈቱና የጊዜ ክልሉን የአርጀንቲናው ቦነስ አይረስ አድርጉት። ከአዲስ አበባ ልክ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ምረጡ፣ የጠዋት የማታ ምልክቱን አንሱት፣ አለቀ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ ይላል። የሲስተሙን ሰዓት አልነካችሁም፣ የተቀየረው ፓነሉ ላይ የሚታየው ብቻ ነው።

ቀኑ ይከብዳል። የሲስተሙን ቋንቋ አማርኛ ብታደርጉት እንኳ ወሩን ማርች፣ ሜይ፣ ጁን እያለ በአማርኛ ፊደል ይጽፈዋል እንጂ መጋቢት አይልም። እኔ በፓይተን አጭር ስክሪፕት ጻፍኩና ጄንሞን በሚባለው የፓነል ተሰኪ ላይ አስቀመጥሁት። ጄንሞን የሰጣችሁትን ትእዛዝ በየጊዜው እያስኬደ መልሱን ያሳያል። "ሐሙስ፣ ጥር 14" እያለ ወራት ቆየ፣ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ከዚያ ጳጉሜን 1 ጠዋት ስከፍተው ቀኑ የለም፣ ባዶ። የወሮቹ ዝርዝር ላይ አሥራ ሁለት ስም ብቻ ነበር የጻፍኩት።

ስክሪፕቱን የፈለገ ይንገረኝ፣ አሥራ ሦስተኛው ተጨምሯል። ሚንቱን ደግሞ ለማውረድ ዳታ የለኝም የምትሉ ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ፍላሹን መጫኛ የሚያደርገውን ቬንቶይን እጭንበትና ፋይሉን እገለብጥላችኋለሁ፣ በተረፈው ቦታ ኪዊክሱን። ፍላሹ ውስጥ ያለውን ግን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ቬንቶይ ሲጫን ሁሉን ያጠፋል።