ከኤዴል ወደ ካስልተን በእግር፦ ላሞቹን እንዴት ልለፋቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዙን ፒክ ዲስትሪክት የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ከሼፊልድ በባቡር ኤዴል መንደር ወርደን፣ ሆሊንስ ክሮስ በሚባለው የኮረብታ ማለፊያ በኩል ወደ ካስልተን መንደር በእግር ልንሻገር ነው። 517 ሜትር ከፍታ ያለውን የማም ቶር ኮረብታ መውጣቱን ትተነዋል።

ባለፈው ብቻዬን ስሞክር፣ በቢጫ ቀስት ምልክት የተደረገበት የእግረኛ መንገድ የገበሬ ግጦሽ መሃል አስገባኝ። መንገዱ ሕጋዊ ነው። ግን ጥጃ የያዙ ላሞች የአጥሩ መሻገሪያ ጋ ተኮልኩለው ንቅንቅ አይሉም! አንዷማ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች መጣችብኝ። ተመለስኩ።

በጎን ባለው ማሳ ዞሮ ማለፍ ይቻላል? እማዬ እንኳ ከብት አትፈራም፣ ፈሪዋ እኔ ነኝ። ለጉልበቷ ግን የአጥሩ ደረጃ ይከብዳታል። ደረጃ ሳያስወጣ በአጥሩ በሮች ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ የምታውቁ አላችሁ? ካስልተን ባቡር ጣቢያ ስለሌለው፣ ስንመለስ እስከ ሆፕ ጣቢያ አውቶቡስ ይሻለናል ወይስ በእግር?