የካርድ ዕዳ፣ የቤት በጀትና ለቤተሰብ የምንልከው ገንዘብ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። አሜሪካ ከገባን ስድስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ባለቤቴም እኔም እንሠራለን፤ ሁለት ልጆች አሉን። በሦስት ክሬዲት ካርዶች ላይ በድምሩ 11,500 ዶላር ዕዳ አለብን፤ በአንደኛው 8,000 በ24 በመቶ ወለድ፣ በሁለተኛው 2,400 በ19 በመቶ፣ ከአንድ የዕቃ መደብር በወሰድነው በሦስተኛው ደግሞ 1,100 በ29 በመቶ። ዝቅተኛውን ክፍያ አንድም ወር ሳናጓድል እንከፍላለን፤ ዕዳው ግን ከቦታው የተነቃነቀ አይመስልም። ከቤት ወጪያችን ላይ የምንችለውን ሁሉ ቀንሰናል፤ ከዚህ በላይ ምን መቀነስ እንደሚቻል ግራ ገብቶናል። በዚህ ውስጥ ያለፋችሁ ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።

ምላሽ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከእናንተ ጋር በሚቀራረብ ዕዳ ውስጥ ገብተን ለመውጣት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ፈጅቶብናል፤ የምጽፍልዎትም በቤታችን ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ዕዳው የማይነቃነቀው እናንተ ስለ ሰነፋችሁ አይደለም። በዓመት 24 በመቶ የሆነ ወለድ በወር ሲታሰብ ወደ 2 በመቶ ይመጣል፤ በ8,000 ዶላር ላይ ይህ 160 ዶላር ነው። ብዙ ባንኮች ዝቅተኛውን ክፍያ የሚያወጡት የወሩን ወለድ ከዋናው ዕዳ 1 በመቶ ጋር ደምረው ስለሆነ፣ 240 ዶላር ስትከፍሉ ከዋናው የሚነሣው 80 ብቻ ነው። ዕዳው ባነሰ ቁጥር ዝቅተኛው ክፍያም አብሮ ስለሚያንስ፣ እሱን ብቻ እየተከተላችሁ ብትሄዱ፣ በካርዱ አንዲት ነገር ባትገዙበት እንኳ ከ11 ዓመት በኋላ ገና ከ2,000 ዶላር በላይ ይቀርባችኋል። ክፍያው እንዳይወርድ 240 ላይ ብታጸኑት ግን በ56 ወር ያልቃል፤ 420 ብታደርሱት በ25 ወር ያልቃል፣ የምትከፍሉትም ወለድ ከ5,300 ገደማ ወደ 2,200 ገደማ ይወርዳል። ይህን ለማረጋገጥ ባንኩ በየወሩ የሚልክላችሁን የሒሳብ መግለጫ (ስቴትመንት) ብቻ ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ መሠረት ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅባችሁና በ36 ወር ለመጨረስ በወር ስንት መክፈል እንዳለባችሁ በሠንጠረዥ ተጽፎ ይመጣላችኋል። እኛ ያን ሠንጠረዥ ለዓመታት ሳናየው ወረቀቱን እንጥለው ነበር።

ሁለተኛው ነገር፣ ዕዳ ያለበትን ካርድ ለዕለት ግዢ መጠቀም ዛሬውኑ ይቁም። በየወሩ ተከፍሎ በሚያልቅ ካርድ የተገዛ ዕቃ እስከ መክፈያው ቀን ድረስ ወለድ አይታሰብበትም፤ ዕዳ ከወር ወደ ወር በሚሻገርበት ካርድ ላይ ግን ይህ የእፎይታ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል፤ ዛሬ የተገዛ የልጅ ጫማ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል ማለት ነው። ካርዶቹን ከቦርሳ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ በስልካችሁና በየመገበያያው ድረ ገጽ የተመዘገበውን የካርድ ቁጥርም አጥፉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «የምንችለውን ሁሉ ቀንሰናል» ብለዋል፤ አምናለሁ። እኛም እንደዚያው እንል ነበር። አንድ እሑድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሦስት ወር የባንክ ስቴትመንት አትመን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን፤ የቤት ኪራዩን፣ የመኪናውን፣ የልጆቹን ወጪ በእርሳስ እያሰመርን ለየን። ባለቤቴ በቀይ እስክሪብቶ የከበበችው ግን ወደ አገር ቤት የላክነውን ነበር። በየወሩ የምንልከው 300 ዶላር ነው ብለን ሁለታችንም እናምን ነበር፤ ለዚያውም በበጀታችን ላይ ጽፈነው አናውቅም። የሦስት ወሩ መደበኛ 900 ዶላር ከተደመረ በኋላ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለሕክምና፣ ለልቅሶ፣ ለተበላሸ ጣሪያ እየተባለ የተላከው ሌላ 1,040 ዶላር ተገኘ። በወር ሲካፈል ከ640 ዶላር በላይ ነው። በሦስት ወር ውስጥ 11 ጊዜ ስለላክን የአስተላላፊው ክፍያም 11 ጊዜ ተቆርጦብናል። ባለቤቴ ድምሩን ሁለት ጊዜ ደግማ ሠራችው።

ይህን የምነግርዎት ቤተሰብዎን መርዳት ያቁሙ ለማለት አይደለም፤ ይህን የሚመክር ሰው የእኛን ኑሮ አያውቅም። የምለው፣ ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ እንደ ኪራይና እንደ መብራት ሁሉ በበጀቱ ላይ ቁጥሩ ታውቆ፣ ባልና ሚስት ተስማምተውበት፣ በራሱ መስመር ይጻፍ ነው። ካልተጻፈ በየጊዜው ስልክ በተደወለ ቁጥር ከየትም ይወጣል፤ ከየትም ማለት ደግሞ በመጨረሻ ከካርዱ ማለት ነው። እኛ በወር 400 ዶላር ወሰንን፤ ከዚያ ላይ 300 መደበኛው ሲሆን 100ው በተለየ የቁጠባ ሒሳብ እየተቀመጠ ለበሽታና ለመሰል ድንገተኛ ነገር ይጠበቃል። መላኪያችንንም በወር አንድ ቀን አደረግነው።

ከባዱ ለቤተሰብ መንገሩ ነበር። ሳምንት ሙሉ ሳመነታ ቆይቼ ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩ፤ ዕዳችንን በቁጥር ነገርኩት፣ ወለዱንም ጨምሬ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ደበቅከን?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎች ሁሉ በእሱ በኩል አልፈው፣ የሚቀድመው ተለይቶ ነው የሚደርሱን። እዚህ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራችንን የምንደብቀው ለእነሱ አዝነን ነው፤ እነሱ ግን የማያውቁትን ዕዳ ሊያዝኑልን አይችሉም።

በዚሁ ጉዳይ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ገንዘብ በክሬዲት ካርድ አትላኩ፤ ብዙ የካርድ ባንኮች ይህን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ስለሚቆጥሩት የራሱ ክፍያ አለው፣ ወለዱ ከመደበኛው ከፍ ይላል፣ ከመጀመሪያውም ቀን ይጀምራል። ሌላው፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ ወደ ውጭ አገር በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ የፌዴራል ታክስ ይታሰባል፤ ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም እዚህ አገር በተሰጠ ዴቢት ካርድ የሚላከው ግን ከዚህ ነጻ ነው።

ስለ አከፋፈሉ ቅደም ተከተል ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ለሁሉም ዝቅተኛውን እየከፈላችሁ የተረፈውን ሁሉ በመደብሩ ካርድ ላይ አድርጉት፤ ወለዱም ከፍተኛ፣ መጠኑም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይዘጋል። ለእሱ ይከፈል የነበረው ቀጥሎ ወደ 8,000ው ይዙር። ከዚያ በፊት ግን የመደብሩን ካርድ ውል አንብቡት፤ «እስከዚህ ወር ያለ ወለድ» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ካለበት በቀኑ ተጠናቅቆ ካልተከፈለ ወለዱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ተሰልቶ ሊመጣባችሁ ይችላል።

ደመወዛችሁ በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ በዓመት 26 ቼክ ይገባችኋል፤ ስለዚህ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሦስት ቼክ የሚገባበት ወር አለ። በጀታችሁን በሁለት ቼክ ላይ ከሠራችሁት ሦስተኛው ቼክ ከማንም ወጪ ጋር አይጋጭም። እኛ እነዚያን ወራት በቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀድመን አክብበን ሦስተኛውን ቼክ በገባበት ዕለት ወደ ካርዱ እናዞረው ነበር፤ አንድ ቀን ካደረ ምክንያት አይጠፋለትም። የታክስ ተመላሹም እንደዚሁ። የመኪና መድኅንና የስልክ ክፍያን በየዓመቱ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር አወዳድሩ።

ዕቁብ ካላችሁ መሐል ላይ አታቋርጡት፤ የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው። ዳኛውን አነጋግራችሁ ዕጣው ቀደም ብሎ እንዲደርሳችሁ ለምኑ፤ ሲደርሳችሁም ሙሉውን ወደ 24 በመቶው ካርድ አስገቡት። ዕዳው ሳያልቅ ግን አዲስ ዕቁብ መጀመሩን አልደግፍም፤ ዕቁብ ወለድ አይከፍልም፣ ካርዱ ግን በየቀኑ ያስከፍላል።

ተጨማሪ ሐሳብ ከሌላ ተሳታፊ

ወንድማችን የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ በጉዳቴ የተማርኩትን አንድ ነገር ልጨምር። «ዕዳችሁን በግማሽ እናስቀንሳለን» እያሉ ስልክ የሚደውሉ ድርጅቶች አሉ። እኔን ለካርዶቹ መክፈል አቁሚና በየወሩ ለእኛ አስገቢ አሉኝ፤ በስድስት ወር ውስጥ የክሬዲት ታሪኬ ተበላሸ፣ ዕዳውም በቅጣት አደገ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ እንዲህ ያለ አገልግሎት በስልክ የሚሸጥ ድርጅት ቢያንስ አንድ ዕዳ በስምምነት ሳያስቀንስ ክፍያ መቀበል አይችልም፤ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁን ወዲያው አሰናብቱት። ከዕዳው 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ቢሰረዝላችሁም አበዳሪው ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ስለሚያሳውቅ እንደ ገቢ ታክስ ሊከፈልበት ይችላል።

ከዚህ ይልቅ በቅድሚያ ራሳችሁ ወደ ካርዱ ባንክ ደውሉና ለችግር ጊዜ የተዘጋጀ የክፍያ ፕሮግራም እንዳላቸው ጠይቁ። ካልሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በተቋቋመው ናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ ሥር ያሉት ለትርፍ ያልቆሙ አማካሪዎች ከባንኮቹ ጋር ተነጋግረው ወለዱን ያስቀንሱና ሁሉንም በአንድ ክፍያ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲጠናቀቅ ያደርጋሉ። መጠነኛ ወርሃዊ ክፍያ አላቸው፤ በዚያ ጊዜም ካርዶቹ ይዘጋሉ። እኔ በመጨረሻ የወጣሁት በዚህ መንገድ ነው።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር የሦስት ወሩን ወረቀት አትመን ተቀመጥን። እኛ 200 ዶላር ነው እያልን የነበረው በወር ወደ 470 ሆኖ አገኘነው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ጊዜ የላክነው በ8,000ው ካርድ ነበር። በወር 280 ላይ ተስማምተናል፤ የተገኘው 190 ከዚህ ወር ጀምሮ ወደ መደብሩ ካርድ ይገባል። የዚያን ካርድ ውል ስናነበው ያለ ወለድ የተባለው ጊዜ የሚያበቃው በመስከረም ነው፤ ስለዚህ እስከዚያ ለመዝጋት የባለቤቴን የነሐሴ ሦስተኛ ቼክ ጨምረን አስበናል። እሑድ ባለቤቴ ለእኅቱ ይደውልላታል።