የቀበሮ ኮሶ በደቡብ ጀርመን፦ ጓሮ ለምታለሙና ውሻ ላላችሁ

ሂሩት፣ ራቨንስቡርግ
ሰላም ለሁላችሁ። ከተማው ዳር የአትክልት ቦታ ተከራይተን ጎመን፣ ሰላጣና እንጆሪ ተክለናል። ሌሊት ቀበሮ ይገባበታል፤ ጎረቤቶች «ፉክስባንድቩርም (የቀበሮ ኮሶ) እንዳይዛችሁ» ይሉናል። እንጆሪውን ፍሪዘር ውስጥ ባሳድረው ይበቃል? ለልጆቹስ በየዓመቱ አልቤንዳዞል ብሰጣቸው ይከላከልላቸዋል? ውሻችን ደግሞ አይጥ አዳኝ ነው።

ዮናስ፣ ዙሪክ (የእንስሳት ሐኪም)
ሂሩት፣ ፍሪዘሩን ተዪው። በቀበሮ ኩስ የሚወጣው የዚህ ትል እንቁላል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አይሞትም። ቤተ ሙከራዎች የቀበሮ አንጀት ከመክፈታቸው በፊት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ለቀናት የሚያቆዩት ለዚህ ነው። የእጅ ሳኒታይዘርም አያጠፋውም። የሚገድለው ሙቀትና ድርቀት ነው፤ ከ60 ዲግሪ በላይ በደቂቃዎች ውስጥ ያበቃለታል። ጎመኑ ከበሰለ፣ እንጆሪው ማርማላታ ከሆነ ስጋት የለም። ጥሬውን የምትበሉትን በሚፈስ ውሃ እያሻሻችሁ እጠቡ። እንቁላሉ የአንድ ሚሊሜትር 30ኛ ገደማ ስለሆነና ቅጠል ላይ ስለሚጣበቅ ማጠብ ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። አፈር ከነካችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

እኔን ከእንጆሪው ይልቅ የሚያሳስበኝ ውሻው ነው። ጀርመን ውስጥ ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ያልታጠበ እንጆሪን ቢጠቅስም፣ ያለ ጠባቂ የሚዞር ውሻን፣ የእርሻ ሥራንና ሣር ማኘክንም ከበሽታው ጋር አያይዟል። ውሻ የሚያዘው እጭ ያለበትን የመስክ አይጥ ሲበላ ነው። ትሉ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ኩሱ ውስጥ አይታይሽም፤ ውሻውም አይታመምም። ከተያዘ አራት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ግን በኩሱ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ስለዚህ አይጥ ለሚበላ ውሻ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የኮሶ መድኃኒት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 5 ሚሊግራም፣ በየአራት ሳምንቱ ይሰጣል። በየሦስት ወሩ ከሆነ በመሃል ሁለት ወር ያህል ጓሮውን ሲበክል ሊከርም ይችላል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ማሸጊያው ላይ «የትል መድኃኒት» የሚል አይቶ ሲገዛ ነው፤ ለክብ ትል ብቻ የሚሠራው ለዚህኛው ምንም አያደርግም። ፕራዚኳንቴል የሚለውን ስም ፈልጊበት።

ዙሪክ ውስጥ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው 50 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴል ያለበት ማባበያ በየወሩ፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 50 ያህል ተበትኖ ተሞክሯል። በኩሳቸው የሚወጣው እንቁላል በግልጽ ቀነሰ። ችግሩ መድኃኒቱ ዛሬ ያለውን ትል ገድሎ ለነገ ጥበቃ አለመተዉ ነው፤ ቀበሮው ነገም አይጥ ይበላል። ስለዚህ ሥራው ለዓመታት መቀጠል አለበት፣ ገንዘቡንም ማዘጋጃ ቤቶች መቻል አለባቸው። እኔ ወጪው ይገባዋል ባይ ነኝ።

ሰናይት፣ ኡልም (ሐኪም)
የአልቤንዳዞሉን እኔ ልመልስ። እህቴ፣ ለልጆቹ እንዳትሰጪ። አገር ቤት ለወስፋት የምንውጣት አንዷ የ400 ሚሊግራም ክኒን ይህን አትከላከልም። የቀበሮው ኮሶ ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣው ኮሶ ሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር አይደለም። እንቁላሉ ከተዋጠ እጩ አንጀትን በስቶ በደም ወደ ጉበት ይሄድና እንደ ካንሰር እየሰረሰረ ያድጋል። ምልክት እስኪያሳይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። በሽታው ብርቅ ነው፣ እንቁላሉን የዋጠ ሁሉም አይታመምም። ነገር ግን ሳይታከም ከቀረ ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ ከ10 ታማሚ 9ኙን ይገድላል።

ተቆርጦ መውጣት ከቻለ ቀዶ ጥገናና ከዚያ ቢያንስ 2 ዓመት አልቤንዳዞል ነው። ካልቻለ ክኒኑ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ይሆናል፣ ምክንያቱም የትሉን እድገት ያቆማል እንጂ ትሉን አይገድለውም። የቩርትስቡርግ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት የትሉ ስቴም ሴሎች (እየተከፋፈሉ አዲስ ሴል የሚያወጡት) መድኃኒቱን ተቋቁመው ይቀራሉ፤ ክኒኑ ሲቋረጥ እንደገና የሚያድገውም ከእነሱ ነው። በ2013 የትሉ ጂኖም (ሙሉ የዘር መረጃው) ታትሞ ከወጣ ወዲህ እነዚህን ሴሎች የሚመታ መድኃኒት እየተፈለገ ነው።

ግርማ፣ ሙኒክ
ክኒኑ ከቅባት ጋር ይወሰድ ይባላል። በጾም እንዴት ይሆናል?

ሰናይት፣ ኡልም
ጋሽ ግርማ፣ ቅባት ሲባል የግድ ቅቤ አይደለም። ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ አቮካዶ፣ ለውዝ ይሆናል። በባዶ ሆድ ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው በጣም ያንሳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር እስከ 5 እጥፍ ይጨምራል። አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። በቀን ሁለቴ ጠዋትና ማታ ስለሚወሰድ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱ ይጎድልበታል። ለንስሐ አባት ይነገር፣ ለሐኪሙም እንዲሁ። በረመዳን ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን። መጠኑ በቂ መሆኑ የሚታወቀው ከጠዋቱ ክኒን 4 ሰዓት በኋላ በሚቀዳ ደም ነው። የጉበት ኢንዛይምና ነጭ የደም ሴል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ፣ ቆይቶ በየሦስት ወሩ ይታያል። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ክኒኑን ከመጀመር በፊት ለሐኪሙ ይነገር።

ሌላም ነገር አለ። ጉበታችሁ ላይ የሆነ ነገር ታየ ከተባላችሁ የት እንዳደጋችሁ፣ ከበግና ከውሻ ጋር እንደኖራችሁ ንገሩ። አገራችን ውስጥ በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የያዘ ከረጢት የሚሠራው የዚህ ትል ዘመድ ነው፤ ሰውንም ይይዛል። የደም ምርመራው ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል፣ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። አልትራሳውንድ ላይ የአገር ቤቱ ብዙ ጊዜ ክብና ግድግዳው የጠራ ነው፣ የቀበሮው ዳሩ የማይለይ ሆኖ ካንሰር ይመስላል። ጥርጣሬ ካለ ወደ ልዩ ክሊኒክ ላኩኝ በሉ፤ ኡልም ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፣ ፈረንሳይ ላላችሁ ቤዛንሶን አለ።

ዮናስ፣ ዙሪክ
ውሻ ይዛችሁ ከጀርመን ወደ ብሪታኒያ፣ አየርላንድ፣ ፊንላንድ ወይም ኖርዌይ የምትሄዱ ደግሞ ፕራዚኳንቴሉ ከመግባታችሁ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በእንስሳት ሐኪም መሰጠት አለበት። ቀኑም ሰዓቱም የውሻው ፓስፖርት ላይ መጻፉን እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ አይታችሁ ውጡ።