በልጆች ድራማ ውስጥ አባት ሁልጊዜ ሞኝ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የሁለት ልጆች እናት (አዲስ አበባ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ7 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኔም አባቱም ሥራ ላይ ስለምንሆን፣ እስክንገባ ድረስ ከሞግዚቷ ጋር ሆኖ በሳተላይት የሚተላለፉ የውጭ የልጆች ድራማዎችን ያያል። የሚያሳስበኝ ብዙ ወላጅ የሚያነሣው ድብድብ አይደለም፤ እሱማ ጨዋታ መሆኑን ልጁም ያውቃል። እኔን ያስጨነቀኝ በአብዛኞቹ ታሪኮች ውስጥ አባት ምንም የማይገባው ሞኝ፣ እናት ጨቅጫቃ፣ ልጅ ደግሞ ከሁሉም የላቀ ብልህ ሆኖ መቅረቡ ነው። ልጁ ለወላጁ በንቀት በመለሰ ቁጥር ከጀርባ የተቀዳ ሳቅ ይሰማል፤ ማንም «ጎበዝ» ሳይለው ሳቁ ያሞካሸዋል። ባለፈው እሑድ አያቱ ሲገቡ ብድግ ብሎ እንዲስማቸው ብነግረው፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ገልብጦ ትከሻውን ሰበቀና ተመልካች እንደሚስቅለት ተዋናይ ወደ እኛ ዞረ። ቴሌቪዥኑን ጨርሶ ማጥፋት አልችልም። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ጉለሌ ያደገ፦
እኅቴ፣ ሥጋትሽ የሁላችንም ነው። እኛ ያደግነው አባባ ተስፋዬን እያየን ነው። ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ልጆችን ሲቀበሉና ተረት ሲነግሩ፣ ታላቅን ማክበር የታሪኩ ሁሉ መነሻ ነበር። በእኔ አስተያየት ልጅ የሚያባልጉ ጣቢያዎችን መንግሥት መዝጋት አለበት።

የፕሮግራም አዘጋጅ፦
ናፍቆትዎን እጋራለሁ፤ መፍትሔዎን ግን አልቀበልም። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 የልጆችን አመለካከት የሚያበላሹ ዝግጅቶች ልጆች በሚከታተሉበት ሰዓት እንዳይተላለፉ ደንግጎ ነበር፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ሕግ የሚይዘው እዚህ አገር ፈቃድ የወሰደውን እንጂ ሰሐን ከናይልሳት የሚስበውን አይደለም። ሕግ የሚሠራው ነገሩ ተለይቶ ሲታወቅ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ያስወጣው ቢራ ምን እንደሆነ አከራካሪ ስላልሆነ ነው። ንቀትን ግን በየትኛው አንቀጽ እንለካዋለን? ደግሞም በእኛው ተረት ጦጣ ጅብን አታልላ ስታመልጥ ስቀን አድገናል። ልዩነቱ እዚያ የሚሞኘው ጉልበተኛው መሆኑ ነው፤ በእነዚህ ድራማዎች የሚሞኘው ለልጁ የሚለፋው አባት ነው። የአገር ውስጥ ዝግጅት ጥቂት የሆነውም ያለቀለትን የውጭ ካርቱን መግዛት አዲስ ከመሥራት እጅግ ስለሚረክስ ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት ከካልሲ በተሠራች ቀጭኔ ተጀምሮ ምን ያህል ልጆችን እንደያዘ ስናስታውስ፣ የጎደለው ችሎታ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዝግጅቶች ላይ የዕድሜ ምልክት ይታያል፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆኑ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ወላጅ በምልክቱ መሠረት የሚቆልፍበት ቪ-ቺፕ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። ነገር ግን ምልክቱ የሚመዝነው ዓመፅን፣ ወሲብንና ጸያፍ ንግግርን ነው፤ አባቱን የሚያላግጥ ልጅ ያለ ምንም ችግር ያልፋል። ስለዚህ እኔ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ፣ ሳቁ ሲሰማ «ምኑ ነው ያሳቀሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ላይ ትከሻዋን ብቻ ትሰብቅ ነበር። ኋላ ላይ ግን «እኔን አላሳቀኝም፤ አባትየው አሳዘነኝ» አለችኝ። የመቆለፉን ነገር ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ፤ የኔ ሥራ ማታ ስለሆነ ይመቸኛል፤ ይህ ግን ለሁሉም ወላጅ እንደማይመች አውቃለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜና እሑድ አብሬው ተቀምጬ ጥያቄውን እሞክረዋለሁ። በሥራ ቀን ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ስለማልገባ፣ አስቀድሜ ሞግዚቷን ማሳመን ይኖርብኛል፤ እውነቱን ለመናገር ድራማውን ከልጁ አብልጣ የምትወደው እሷ ናት።