ካርቶን ሙሉ የኤፍፒቪ ድሮን ዕቃ ተሰጠኝ፣ የቱ ምንድነው?

ፒያሳ_ጥገና፦
ሰላም ወገን። ጎንደር ፒያሳ ሞባይል እጠግናለሁ። ሰርግ ይቀርፅ የነበረ ጓደኛዬ ሥራ ሲቀይር የተፈታታ ኤፍፒቪ ድሮን (ካሜራው የሚያየውን በመነጽር እያዩ የሚያበሩት) በካርቶን ትቶልኝ ሄደ። «አንተ አታጣውም» ነው ያለኝ። ቦርድ እንግዳዬ አይደለም፣ ይሄ ግን ግራ አጋባኝ። ያለው እንዲህ ነው፤ አንድ እግሩ የተሰበረ ጥቁር ካርቦን፣ «2207 1750» የተጻፈባቸው አራት ሞተሮች፣ የተደራረቡ ሁለት ቦርዶች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ካሜራ፣ ከካሜራዋ ጋር በሽቦ የተያያዘ ሌላ ትንሽ ቦርድ። ባትሪ የለም፣ ሪሞት የለም። አንድ ልጅ ደግሞ 4ኤስ ባትሪ በርካሽ ልሽጥልህ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ልግዛ?

የአዘዞ_ልጅ፦
እንዳትገዛ! ሞተርህ ላይ የተጻፈውን አንብበው እንጂ። 2207 ማለት ውስጡ ያለው የመዳብ ጥቅል የተጠመጠመበት ብረት ወርዱ 22፣ ቁመቱ 7 ሚሊሜትር ነው። 1750 ደግሞ ኬቪው ነው፤ ፕሮፔለር ሳይገባበት በአንድ ቮልት በደቂቃ 1,750 ዙር ይዞራል ማለት ነው። 4ኤስ፣ ማለትም ባለ አራት ሴሉ ባትሪ፣ 14.8 ቮልት ስለሆነ ወደ 25,900 ዙር ይሰጥሃል፣ ባለ ስድስት ሴሉ 6ኤስ ግን 22.2 ነውና 38,850 ይደርሳል። ይሄ ሞተር የተሠራው ለ6ኤስ ነው። በ4ኤስ ይነሳል፣ ግን እንደ ደከመ በቅሎ ነው የሚሆንብህ። በዚያ ላይ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ነገር ያጣል። ዩቲዩብ ላይ የምታየው ሰው ያለውን ጉልበት እዚህ አትጠብቅ።

ቦርዶቹ እንኳ ቀላል ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው ፍላይት ኮንትሮለር ነው፣ አንጎሉ በለው። ጋይሮ አለበት፤ ድሮኑ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚዞር በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ይለካል። ታችኛው ኢኤስሲ ነው፤ የባትሪውን ኃይል ለአራቱ ሞተሮች የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ሞተር ሦስት ሽቦ ሲወጣ አይተህ የለ? የሚያያዙት እዚያ ነው። ሞተሩ በተቃራኒው ከዞረብህ ከሦስቱ ሁለቱን ማቀያየር ነው፣ ወይም ቤታፍላይት የሚባለው የኮንትሮለሩ ፕሮግራም ላይ ገብተህ ታስተካክለዋለህ። ወፍራም ጫፍ ያለው ካውያ ዝግጁ አድርግ፣ የባትሪው ሽቦ ወፍራም ስለሆነ በሞባይል መበየጃው ቀጭን ጫፍ አይሞቅልህም።

እግር ያልከው ክንዱ ነው። ብዙ ፍሬም ላይ ለብቻው ተፈትቶ ይቀየራል፣ አትጨነቅበት።

ብየዳ፦
ካሜራዋ ጋ ያለችው ትንሽ ቦርድ ቪዲዮ ትራንስሚተር ናት፣ ቪቲኤክስ እንላታለን። ምስሉን ብዙውን ጊዜ በ5.8 ጊጋኸርዝ ወደ መነጽሩ የምትልከው እሷ ናት። አናሎግ ናት ዲጂታል? ይሄን ሳታውቅ መነጽር እንዳትገዛ፣ ካልተጣጣሙ ምንም አታይም። አናሎግ ስትርቅ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን በረዶ እየሠራ ያስጠነቅቅሃል። ዲጂታል ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ሲደክም ግን ይቆራረጣል፣ ድንገት ቀጥ ሊልብህም ይችላል።

ካርቶንህ ውስጥ የጎደለው ዋና ነገር ደግሞ ሪሲቨር፣ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው፣ ነው። ምስሉ በአንድ መንገድ ይመጣል፣ የሪሞቱ ትእዛዝ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ጀማሪ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አሁን ብዙ ሰው ኤክስፕረስኤልአርኤስ የሚባለውን የ2.4 ጊጋኸርዙን ነው የሚጠቀመው። በጣም ትንሽ ነው፣ ካርቶኑን አራግፍና እይ፣ ከስፖንጁ ሥር ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያለ አንቴና ቪቲኤክሷን ኤሌክትሪክ እንዳትሰጣት። መውጫ ያጣው ኃይል ተመልሶ ራሷን ያቃጥላታል።

ማራኪ_ላብ፦
ወንድሜ፣ ሁሉም ስለ ዕቃው አወሩልህ፣ እኔ ስለ ገንዘብህ ላውራ። መጀመሪያ ሪሞቱን ብቻ ግዛ። በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ሲሙሌተር ላይ ተለማመድ። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍኩት ከዛፍ ጋር ስላተም ነው፣ አንድም ፕሮፔለር ግን አልሰበርኩም። ጠረጴዛ ላይ ስትሞክር ፕሮፔለር አውልቅ፣ ጣት አይተርፍም። ሊፖ ባትሪ ስትገዛም ሙሉ አድርገህ አታስቀምጠው፣ በሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ ይደር።

ማብረሩን ግን አሁን እርሳው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሳይፈቅድ ድሮን ማንሳት ጣጣ ነው። ፈቃዱ ቢኖርህስ፣ በዚህ ጊዜ እዚህ ከተማ ድሮን ሲጮህ የሰማ ሰው ምን እንደሚያስብ ላንተ አልነግርህም። ፋሲል ግቢ ላይ ላብርር የሚል ሐሳብ ካለህ ደግሞ ከወዲሁ ተወው።

ፒያሳ_ጥገና፦
ኧረ እህቴ፣ ማብረሩ አልመጣልኝም፣ ገጥሜ ቤታፍላይት ላይ ሲነቃ ባየው ይበቃኛል። ሪሲቨሩ ተገኘ! እንደተባለው ስፖንጁ ሥር ነበር።

ብየዳ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ትናንት ማታ ቪቲኤክሷን በፓወር ሰፕላይ አብርቻት ነበር። አምስት ደቂቃ ያህል። ስነካት ጣቴን አቃጠለችኝ። አንቴና የሚባል ነገር አልነበረባትም 😅

ብየዳ፦
አንቴና ቢኖራትም ያለ ንፋስ ትግላለች፣ ስለዚህ መሞቋ ብቻውን ምንም አይነግርህም። አንዳንዷ ትተርፋለች፣ አንዳንዷ በርታ እያየሃት ምስሏ ሃያ ሜትር አይሄድም። አንቴና ግዛና መነጽር ካለው ሰው ጋር ከሱቅህ እስከ መንገዱ ማዶ ሞክራት። ባትሪ ሻጩን ልጅ ደግሞ 6ኤስ ካለው ጠይቀው።